ሀና እንዳትሰማ

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በአባይነህ እጅ ሲመጣ ሀና የፈራችው ነገር እርግጥ ሆነባት።

ያ ቁልፍ በጥቁር የጫማ ክር ታስሮ ከዕቃ ቤት ጠባቂዋ ከተናኘወርቅ አንገት ወርዶ አያውቅም። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም ብሎ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ያላማት ሰው የለም። ዛሬ ግን የእድሩ ሊቀመንበር አባይነህ፣ ድንኳን የሚተክሉትን ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ፣ ክሩን በጣቱ አንጠልጥሎ በጠዋት ከተፍ አለ።

«እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ» አላት።

አባይነህ ደግሞ ሰውን «የኔ ልጅ» የሚል ሰው አይደለም። የወለዳቸውን እንኳ እንደ ትምህርት ቤት ከነአባታቸው ስም ነው የሚጠራቸው።

ፉሪ አንድ ሽማግሌ አርፈዋል፣ ትልቁ ድንኳን ይውጣ፣ አግዳሚው ይውጣ፣ ሰሃንና ስኒውም ይውጣ አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «እትዬ ተናኘስ የት ሄዱ?» ይላል። ሀና አላለችም። አባይነህም አለመጠየቋን እንደ ዕድል ቆጥሮ በልቡ ተመስገን አለ እንጂ፣ ይቺ ልጅ ለምን አልጠየቀችም ብሎ አላሰበም። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ማሰብ ትቷል የሚሉም አሉ።

«ስኒው ሁሉም ነው የሚወጣው?» አለች ሀና።

«ሁሉም።»

ሁሉም ስኒ የሚወጣው የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሲሞት ነው። ሀና ጎንበስ ብላ ካርቶኑን ሳበች። እግሯ ከመደርደሪያው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መደርደሪያው፣ ምንም ሳትይዝ ሲያመላልሳት ጎረምሶቹ በዓይን ተጠቃቀሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተናኘወርቅን ማታ ትንፋሽ አጠራት፤ ልጇ ብሩኬ በመኪናው ይዟት ወጣ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፈች። አስከሬኗ ሊነጋጋ ሲል ወደ ቤቷ ሲመለስ ሴቱ ተሰበሰበ። ገና ፍራሽ ሳይነጠፍ፣ ገና ዕድሜዋ ስንት ነበር ተብሎ ክርክር ሳይጀመር (እሷ ስድሳ ትላለች፤ አብረዋት ቄስ ትምህርት ቤት የነበሩት ግን ሰባ ከደፈኑ ቆዩ) የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር፤ ሀና እንዳትሰማ።

ያነሳችው ጫልቱ ናት። ጫልቱ የሀና አከራይ ናት፤ ሀና ከሷ ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ከሰማች ሕመሟ ያገረሽባታል አለች ጫልቱ፤ ካገረሸባት ደግሞ እኔ ግቢ ውስጥ ነው፣ ማን ይይዝልኛል አለች። እኛ ዘንድ መርዶ ለነፍሰ ጡር ይዘገያል፣ ፈተና ላይ ላለ ተማሪ ይዘገያል። ለሀናም ይዘግይ ተባለ። የእድሩ ለፋፊ እንኳ ተመከረ። ሰውየው በየመንደሩ ጡሩንባውን ሲነፋ፣ ስሟን እየጠራ አረፈች ሲል መጥቶ፣ ጫልቱ ግቢ አጠገብ ሲደርስ ጡሩንባውን ጋቢው ስር ሸጉጦ እግሩን እያነሳ እንደ ሌባ አለፈ። ካለፈ በኋላ እንደገና ነፋ።

ሀናን የቀሰቀሳት ያ ዝምታ ነው። ጡሩንባ ከሩቅ እየቀረበ መጥቶ በር ላይ ሲደርስ ድምፁ ከጠፋ፣ የጠፋው ላንቺ ተብሎ ነው። ተነስታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ የትኛው ስም እንደተደበቀባት ለማወቅ ብዙ አላሰበችም። በዚህ ሰፈር የሞተ እንደሆነ ለሀና መርዶ የሚሆን ሰው አንድ ብቻ ነው።

*

ሀናን እድሩ ውስጥ ያስገባቻት ምስጢር የምትባል ልጅ ናት። ምስጢር ጤና ጣቢያው አካባቢ ያለ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ትሠራለች። ሥራቸው ይሄ ነው፤ በአእምሮ ሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ ያጣውን ሰው ሰፈር ውስጥ ሥራ ያስገቡታል፤ መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ደጋፊ አብራው ትውላለች፣ አብራው ታጥባለች፣ አብራው ትሸከማለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ትቀራለች። ሃምዛ የሚባል እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሞባይል ጥገና ቤት ገብቶ ዛሬ የራሱ ደንበኛ አለው። ሀናን ግን ደፍሮ የሚወስዳት ጠፋ።

ምክንያቱ አንድ ቀን ነው። ሀና ያመማት ሰሞን አስፋልቱ መሃል ቆማ ከጠዋት እስከ ማታ ታክሲ ስታስተናግድ ዋለች። ቁም ስትል የቆሙላትም ነበሩ፤ እንደውም ያን ቀን መንገዱ አልተዘጋጋም ይላሉ። ሰዉ የሚያስታውሳት በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ፀጉር ቤት ሠርታ፣ ስንቱን ሙሽራ እንዳስዋበች የሚያስታውስ የለም። ያስዋበቻቸው ሙሽሮችም አያስታውሱም፤ እነሱ እንኳ ቢያስታውሱ ነውር አልነበረም።

ምስጢር ወደ እድሩ ኮሚቴ ይዛት የመጣች ዕለት ተናኘወርቅ ከኋላ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ዕቃ ቤቱን የምትጠብቅ እሷ ናትና ረዳት ከመጣ የሚመጣው ለሷ ነው። እኔ የጠየቅኩት ጎላ ድስት የሚያነሳ ጉልበተኛ ነው፣ እናንተ በሽተኛ አመጣችሁልኝ ብላ አጉረመረመች። አባይነህ ጉሮሮውን ጠርጎ ተያዥ ማነው አለ። ያለ ተያዥ ሰው አይቀጠርም፣ የእድሩ ደንብ ነው። ሀና የለኝም አለች። ምስጢር ፕሮጀክቱ ይያዛታል አለች። ፕሮጀክት ሰው አይደለም፣ ደንቡ የሚለው ሰው ነው አለ አንዱ። ሀና ተነስታ ልትወጣ ነጠላዋን ሰበሰበች።

ተናኘወርቅ እንዝርቷን አቆመች። «ቆይ እስቲ፤ እኔን ስትቀጥሩኝ ማን ነበር ተያዤ?»

የሞቱትን ሰውዬ ስም ጠሩላት።

«እሳቸውማ አፈር ከሆኑ ቆዩ። ታዲያ እኔ እስከዛሬ ምን ሰረቅኩ? እኔው እይዛታለሁ፤ ጻፉ።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ማንም አያውቅም። ሐሚዳ፣ የእድሩ ወጥ ሠሪ፣ የተናኘወርቅ የልብ ጓደኛ፣ ኋላ ጠይቃት ነበር። ጉልበተኛ ሴት ታሳጣኛለች፣ ይቺ ግን አታሳጣኝም ብላ መለሰችላት። ሐሚዳ ያኔ ነገሩ አልገባትም። ተናኘወርቅ ከመሞቷ በፊት ባሉት ወራት ነው የገባት።

*

ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት ነበር። ሀና ዕቃ ቤት እንድትቆይ፣ የቀረውን ሰሃን መልሳ እንድታጥብ ታዘዘች። ሰሃኑ ንጹህ ነው። እሷም ንጹህ መሆኑን ታውቃለች፤ ያዘዟትም ያውቃሉ። ሳፋውን ሞልታ ተቀመጠችና ንጹህ ሰሃን ታጥብ ጀመር።

ለቀስተኛው በመንገዱ ሲያልፍ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ይታያል። መኪናው ቀስ አለ፣ የሴቱ ድምፅ አንዴ ከፍ ብሎ ራቀ። ሀና ተነሳች። በሩ ድረስ ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ከወጣች ሰምታለች ማለት ነው፤ ከሰማች ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ደግሞ ለቅሶ አይባልም፣ አገረሸባት ነው የሚባለው። እሷ ይሄን ሕግ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አንዴ የሰርግ ዘፈን ሰምታ ብትስቅ ጫልቱ ለምስጢር ስልክ ደውላባታለች።

ስለዚህ የኩቴክሱን ጠርሙስና ገና ያልተቀቡትን አዳዲስ ስኒዎች አውጥታ ተቀመጠች። የእድሩ ስኒና ሰሃን ከሌላ እድር ዕቃ እንዳይቀላቀል ሥሩ ላይ ቀይ ኩቴክስ ይቀባል። ይሄን ሥራ ተናኘወርቅ ስትሠራው እንደ ኩፍኝ እያዝረከረከችው ነበር፤ ሀና ግን የፀጉር ቤት እጅ ስላላት ቀጭን ሰረዝ ነው የምታወጣው። መጀመሪያ ያየች ዕለት ተናኘወርቅ ስኒውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አገላበጠችው፤ ከዚያ የገዛ ጣቷን ዘርግታ «እስቲ እኔንም» አለቻት። በዚያ ዕድሜዋ ቀይ ጥፍር ይዛ ማኅበር ሄዳ ሰዉን ሁሉ አስወራችበት። ወሬውን ስትሰማ ደግሞ ደስ አላት።

እግሯንም የፈታችላት ተናኘወርቅ ናት። ሀና በየወሩ የምትወጋው መርፌ እግር ያቁነጠንጣል። ቁጭ በይ ብትባል አትችልም፤ ሰውነቷ ተቀምጦ እግሯ ይሄዳል። ምስጢር ሐኪሙን እናናግራለን እያለች ነበር፤ ሐኪሙን እስኪያናግሩ ተናኘወርቅ ሥራውን ገለበጠችው። ድሮ ሳፋው ቧንቧው ሥር ነበር፣ ስኒውም እዚያው። ሳፋውን ዕቃ ቤት ውስጥ አስገባችውና ውሃው በጆግ ከቧንቧ እየተቀዳ ይምጣ አለች። ሰው ሁሉ ጃጀች አለ። ሀና ግን ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ዋለች፤ የሚያያት ሰውም ምን ያቁነጠንጣታል ማለቱን ትቶ እንዴት ያለች ታታሪ ናት ይል ጀመር።

*

በማግስቱ ምስጢር ሰማች። ታክሲ አልጠብቅ ብላ በእግሯ መጣችና ከድንኳኑ በስተጀርባ ሐሚዳንና አባይነህን ያዘቻቸው። ቀብር አሳለፋችሁባት አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ ለቅሶ ቤት ነዋ፤ ግን አባይነህን እንደዚያ ተቆጥቶት የሚያውቅ የለም። ለደህንነቷ ነው አለ። ሐሚዳ አንገቷን ደፋች። እሷም ተስማምታ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ተናኘወርቅ በሕልሟ እየመጣች ምን ሠራሽ እያለች ስትጨቀጭቃት ነው ያደረችው።

መርዶው ዛሬውኑ ይነገር ተባለ። እንግዲህ መርዶ ነጋሪዎቹን ባያችሁ። አባይነህ ከፊት። ሁለቱ ድንኳን ተካዮች ግራና ቀኝ፣ ምናልባት መያዝ ካስፈለገ። ጫልቱ ፀበል በፕላስቲክ ይዛ። ምስጢር ስልኳን በእጇ። ሐሚዳ ከኋላ እየተንጠባጠበች። ያ ሁሉ ሰው አንዲት ቀጭን ሴት ሊያረዳ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲተም መንገደኛው ሌባ ተይዞ መሰለው።

ሀና በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ጎረምሶቹ ጋ ስትደርስ ፈገግ ያለች መሰለች ይላል አንደኛው።

አባይነህ እንግዲህ የኔ ልጅ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ብሎ ጀመረ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለች ሀና። «ስኒው በቃ? ከአዲሱ ሁለት ደርዘን ቀብቼ ጨምሬ አውጥቻለሁ።»

መርዶ ነጋሪ ሥራ ሲያጣ ያሳዝናል። ጫልቱ ፀበሉን ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ራሷ ተጎነጨችው። ምስጢር ተጠግታ ትከሻዋን አቀፈቻትና ማልቀስ ትችያለሽ ሀንዬ፣ ማልቀስ በሽታ አይደለም አለቻት በጆሮዋ።

«አንቺም ቢሮ ስትገቢ ሪፖርት ላይ ትጽፊዋለሽ» አለች ሀና፣ እሷም በጆሮዋ።

ምስጢር እጇን ከትከሻዋ አነሳች። እውነት ነውና ትጽፈዋለች።

*

ከዚያ በኋላ ሀና ሽርጧን አስራ ድንኳኑ ውስጥ ታስተናግድ ጀመር። ንፍሮ ታዞራለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ለአልቃሽ ውሃ ታቀርባለች። የሰዉም ዓይን አብሯት ይዞራል። ጫልቱ ካጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ አየሻት፣ እንባ እንኳ ጠብ አላላትም፣ ያበላቻት ሴት ሞታ ድንጋይ ናት እኮ ትላለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ እጇን አየሽው፣ ስኒው ሲንቀጠቀጥ፣ ሊጀምራት ነው ትላለች። ሁለቱም ባንድ አፍ። ሴትየዋም ለሁለቱም ራሷን ነቀነቀች። ለቅሶ ቤት ራስ መነቅነቅ ልማድ ነው።

ብሩኬ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ፂሙ አድጓል፣ ዓይኑ አብጧል። አፅናኝ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋግማል፤ እናቴ ታማ አታውቅም፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን በእግሯ ቆማ ስትሠራ ነበር ይላል። ሰውም የታደለች ነች፣ አልጋ ላይ ሳትወድቅ ይላል። ሀና ይሄን ስትሰማ ትሪውን ይዛ ወደ ሌላው አግዳሚ አለፈች።

ተናኘወርቅ ታማ ነበር። ልቧ ነው። ከክረምቱ ወዲህ አንድ አግዳሚ ካነሳች ከንፈሯ ይጠቁራል። እድሩ ካወቀ በጡረታ ስም ቤትሽ ተቀመጪ ይላታል፤ ብሩኬ ካወቀ ኮንዶሚኒየሙ ወስዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ይቆልፍባታል። ስለዚህ ጠዋት ዕቃ ቤቱን ከፍታ ትገባና ከኋላ፣ የታጠፈው ድንኳን ላይ ጋደም ትላለች። ሀና ትሸከማለች፣ ሀና ትደረድራለች፣ ሀና ጎላውን እየጎተተች ታስወጣለች። ሰው ሲመጣ ሀና ለምልክት ትሳላለች። ተናኘወርቅ ያኔ ብድግ ብላ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች፤ ማን ሠራው ሲባል ሀና፣ እትዬ ተናኘ ናቸው ትላለች።

የሀናም ተራ ነበረ። ቀን ጥሎባት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሲሰማት፣ በሯን ዘግታ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትውልባቸው ቀናት ነበሩ። ያን ቀን ተናኘወርቅ ልቧን ይዛ፣ እያረፈች፣ እያረፈች፣ የለቅሶ ቤቱን ስኒ ሁሉ ራሷ ታጥበዋለች። ማታ አባይነህ ሲመጣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ረጥቦ ይንጠባጠባል። ሀና ሥራዋን ሠርታ አሁን ወጣች ትለዋለች ዓይኗን ሳታርገበግብ። በማግስቱ ሀና ስትመጣ ምን ሆንሽ ብላ አትጠይቃትም። ኩቴክሷን አውጥታ ጣቷን ትዘረጋለች እንጂ።

እንዲህ ሆነው አንዷ ሌላዋን እየደበቀች ኖሩ። ከሁለቱ ሌላ የምታውቀው ሐሚዳ ብቻ ነበረች፤ ሐሚዳ ደግሞ ወሬ አትችልም የምትባል ሴት ናት። ይሄን ግን ቻለችው።

*

የሠልስቱ ዕለት፣ ሰው ከቤተክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከወጥ ማድ ቤቱ ሸራ በስተጀርባ ኮሚቴው ቆመ። ዕቃ ቤቱን ለማን እንስጥ ነው ነገሩ። ሀና ከሸራው በዚህ በኩል ብርጭቆ ታለቀልቃለች። ሸራ ድምፅ አይከለክልም።

አባይነህ ተያዧ ሞታለች አለ፤ ያለ ተያዥ አይሆንም። ሐሚዳ ወዲያው እኔ እሆናታለሁ አለች። እሺ ይሁን አለ አባይነህ፣ ግን ተያዥ ብቻ አይደለም ነገሩ። እስካሁን አንድ ቀን ሳትቀር የሠራችው ተናኘ ስለተቆጣጠረቻት ነው። እስቲ ይሄ ሐዘን ይለፍና እናያታለን። ከተረጋጋች ትቀጥላለች። ካገረሸባት ግን እሷም ትረፍ፣ እኛም ሌላ ሰው እንፈልግ። እስካሁን ጥሩ ይዛለች፣ አላለቀሰችም አለ።

ሐሚዳ አንድ ቀን ሳትቀር የሚለውን ሰምታ ከንፈሯን ነከሰች። ምስጢር ግን ዝም አላለችም።

«ጋሼ አባይነህ፣ እናትዎ የሞቱ ዕለት ራስዎን ከምሰሶ ጋር ሲያጋጩ አራት ሰው ነው አሉ የያዘዎት።»

አባይነህ ወደ ሐሚዳ ዞረ። ሐሚዳ ወጡን አማሰለች።

«ያን ጊዜ አገረሸበት ያለዎት አለ? ከሊቀመንበርነትዎስ ያወረደዎት አለ?»

«እሱማ እናቴ ናታ» አለ አባይነህ። «እኔ ደግሞ ጤነኛ ነኝ።»

ከሸራው በዚህ በኩል ብርጭቆ የማለቅለቁ ድምፅ ቆመ። ሐሚዳ ሸራውን ገለጥ ብታደርግ ሳፋው አለ፣ ሀና የለችም። ሽርጧ ተፈትቶ ሳፋው ጠርዝ ላይ ተሰቅሏል።

ሀና በጓሮ በር ወጥታ ነበር። አጥሩን ዞረች። ዋናው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት ነጠላዋን አወለቀችና አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ትንሽ ቆመች። የሚያልፉ ሁለት ልጃገረዶች ምን ልትሆን ነው ብለው ዘወር አሉ። ከዚያ ሀና ከደጁ ጀምራ፣ ከሩቅ አገር መርዶ ሰምታ እንደመጣች ዘመድ፣ እጇን ወደ ላይ ይዛ እያለቀሰች ገባች።

«ወይኔ እትዬ ተናኘ! አፈር ሳላለብስሽ!»

በሕይወት ሳለች አንቺ ብላት አታውቅም። ዛሬ አንቺ አለቻት።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ወደ በሩ ዞረ። ለቀስተኛ እያለቀሰ ሲገባ ፍራሽ ላይ ያለ ሐዘንተኛ ይነሳል፣ ደንብ ነው፤ አብሮ ያለቅሳል። ለሀና ግን ማን ይነሳ? ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ያኛው ነገር? ሁለቱ ድንኳን ተካዮች ከወዲህና ከወዲያ አንድ እርምጃ ራመድ አሉ። አገረሸባት አለች ጫልቱ፣ አሁንስ አፏን ሳትሸፍን።

ሐሚዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች። «ለቀስተኛ ናት» አለች። «ልጆች፣ ዞር በሉ። እናንተም ለቀስተኛ ሲገባ አትነሱም እንዴ?»

መጀመሪያ የተነሳው ብሩኬ ነው። ከዚያ የተናኘወርቅ እህት፣ ከዚያ አሮጊቶቹ በጉልበታቸው እየተደገፉ፣ ከዚያ አግዳሚው ሁሉ ተነሳ። ጫልቱም ቁጭ ብላ ብቻዋን መቅረቱ ሲያሳፍራት ተነሳች።

ሀና መሃል ላይ ደርሳ ደረቷን ትመታለች። «በሬን ዘግቼ የዋልኩ ዕለት ስኒዬን ያጠብሽልኝ! ታምሜ ስተኛ፣ እጅጌሽን አርሰሽ፣ ሀና ናት ያጠበችው ያልሽልኝ! እንግዲህ ማን ይደብቀኝ!»

አባይነህ ሸራው ሥር ቆሞ ሰማ። ኮሚቴውም ሰማ። ሐሚዳ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንድ ቀን ሳትቀር የተባለው ነገር በሀና በራሷ አፍ ፈረሰ። ስለ ተናኘወርቅ ልብ ግን፣ ስለታጠፈው ድንኳን፣ ስለ ጠቆረው ከንፈር፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። የራሷን ነው የዘረዘረችው።

ብሩኬ አቀፋት። እናቱ ስኒ ስታጥብ፣ እጅጌዋ ሲንጠባጠብ፣ ስለሌላ ሰው ስትዋሽ አንድም ቀን አስቧት አያውቅም፤ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ያለቀሰው አሁን ነው። ሁለቱም ተያይዘው ሲያለቅሱ ምስጢር ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው። ኋላ ብሩኬ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት፤ ሀናም ተቀመጠች።

አሁን ውሃ መቅረብ አለበት። አልቃሽ ካለቀሰ በኋላ ፊቱን ይታጠባል። ሰዉ ውሃ የምታቀርበውን በዓይኑ ፈለገ፤ ውሃ የምታቀርበው ሀና ናት፣ ሀና ደግሞ ፍራሽ ላይ ናት። ጆጉ ከምሰሶው ሥር ቆሞ ቀረ። አንዱ ሌላውን ያያል። ትንሽ ቆይቶ አባይነህ የኮቱን እጅጌ ሰበሰበ፣ ጆጉን አነሳ፣ ሳፋውን በሌላ እጁ ይዞ በሰዉ መሃል መጣ። ወገቡን ያመዋል፤ ቢሆንም ጎንበስ አለ።

እሷ ብቻ እንድትሰማው አድርጎ፣ ድንኳኑ ዛሬ ይነሳል፣ ዕቃው ይመለሳል አላት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገ ዕቃ ቤቱን ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?»

ሀና ቀና ብላ አየችው። ፊቷ አብጧል፣ ፀጉሯ ከነጠላዋ ወጥቷል።

«ነገ አልከፍትም ጋሼ» አለችው። «ሐዘን ላይ ነኝ።»

አባይነህ ደንቡን የሚያስታውስ መሰለ። እድር ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲያዝን የሚያርፍበት ቀን አለ፤ ለሷ ይሁን ለማን ብሎ የለየ የለም።

«እሺ» አለ።

ጆጉን ዘንበል አደረገ። ሀና ሁለት እጇን ገጥማ ዘረጋች። ውሃው መዳፏን ሞልቶ በጣቶቿ መሃል ሳፋው ላይ ይፈስ ጀመር፤ እሷም ወደ ፊቷ አላነሳችውም፣ አባይነህም መቅዳቱን አላቆመም።